ወንበሩና አልጋው

ስሙኝማ። የዛሬው ወጋችን ስለ አፍንጫ ነው። ከወዲሁ የሳቃችሁ ካላችሁ ሳይነስ ይዟችሁ አያውቅም ማለት ነው፤ እሰየው። ጫማችሁን ልታስሩ ጎንበስ ስትሉ ፊታችሁ የሚከብዳችሁ፣ ሌሊቱን በአፋችሁ ስትተነፍሱ አድራችሁ ምላሳችሁ ደርቆ የምትነሱ፣ መሐረብ ከኪሳችሁ የማይጠፋ ግን ጠጋ በሉ።

ወንድምና እህት ናቸው። ስም አላወጣሁላቸውም፤ ከብዙ ሰው ገጠመኝ ቆንጥሬ እኔው የሠራኋቸው ናቸውና። ሰፈራቸው ግን የታወቀ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የኛ ሰው እንደ ልቡ አማርኛ እያወራ አስቤዛ የሚገዛበት። ወንድምየው ታላቅ ነው፤ ከደለስ አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ባለ ታክሲ። እህቱ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ትንከባከባለች። «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱም ጋሼ ነውና ሳትጠይቀው ይመክራታል።

ሁለቱም ሳይነስ አለብን ይላሉ፤ ሕመማቸው ግን ለየቅል ነው። የሱ ይሄዳል ይመጣል። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ጉንፋን ይይዘዋል፤ ሌላው ሰው በሳምንት የሚገላገለው ጉንፋን እሱ ጋ ሲደርስ ከጉንጩ ሥር ይከትማል። የላይኛው ረድፍ ጥርሱን ይጠዘጥዘዋል፣ አረንጓዴ ንፍጥ ይወርደዋል፣ አንቲባዮቲክ ይውጣል፣ ይሻለዋል። ጥቂት ወራት ይቆይና ደግሞ እንደገና። የእህቱ መሄድ መምጣት የለውም። ሁለቱም የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ክረምት ከበጋ ዝግ ናቸው። ደረቷንም ያፍናታል፤ የአስም መድኃኒቷ ከቦርሳዋ አይወጣም። ማሽተትማ ከተወች ቆየች። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት ጥዳ ስልክ ስታወራ ድስቱ አረረ፤ ጭሱ ኮርኒስ ደረሰ፤ መጠቆሚያው ደወል እስኪጮህ ድረስ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆማ አልሸተታትም።

ለምን እንዲህ ተለያዩ? በፊታችን አጥንት ውስጥ አራት ጥንድ ባዶ ክፍሎች አሉ፤ ሳይነስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ጥንድ ከጉንጭ ሥር ነው፤ ሁለተኛው ከግንባር፤ ሦስተኛው ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከራስ ቅል መሠረት ላይ። አራተኛው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ወጥ ክፍል ሳይሆን በስስ አጥንት የተከፋፈሉ የብዙ ትንንሽ ክፍሎች ጥርቅም ነው። ሁሉም ወደ አፍንጫ የሚከፈት ጠባብ መውጫ አላቸው፤ የጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ። ክፍሎቹ ንፍጥ ያመነጫሉ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፀጉሮች ደግሞ ንፍጡን ሌት ተቀን ወደ መውጫው ይጠርጋሉ። መውጫው አብጦ ሲዘጋ ንፍጡ ይጠራቀማል፣ ይመረቅዛል። የወንድምየው ጣጣ ይህ ነው። የእህቱ ግን የክፍሎቹ የውስጥ ልባስ በሙሉ አብጧል፣ ፖሊፕ አብቅሏል። ፖሊፕ ለስላሳ፣ ገርጣ ያለ፣ ውኃ የቋጠረ ሥጋ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ግን እያደገ መተላለፊያውን ይሞላዋል፣ ሽታ ወደሚታወቅበት ወደ አፍንጫ ጣሪያ አየር አያሳልፍም።

ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

ቀድሞ ሐኪም ዘንድ የሄደው ወንድምየው ነው። ሐኪሟ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ናቸው፤ ገና ሳይቀመጥ ቢላ አላነሱም። በጨው ውኃ ታጠብ አሉት፤ ውኃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ከሱቅ የተገዛ ዲስቲልድ ይሁን፣ ከቧንቧ ቀድተህ እንዳታስገባ። (ይህ ቀልድ አይደለም፤ በአፍንጫ ሲገባ እስከ አንጎል ዘልቆ የሚገድል አሜባ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ተገኝቶ ያውቃል፤ ብርቅ ነው፣ ያገኘውን ግን ብዙ ጊዜ አይምርም።) የሚረጭ የስቴሮይድ መድኃኒት አዘዙለት። ወራት አለፉ፤ ሕመሙ ተመላለሰ። ሲቲ ስካን ተነሣ፤ የሁለቱም ጉንጮች መውጫ ጠቦ ታየ። ፖሊፕ የለም።

«ታዲያ ሆስፒታል መቼ ልግባ?» አለ።

«ሆስፒታል አያስፈልግም፤ እዚሁ፣ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ» አሉት።

የሆነውን ራሱ ለእህቱ ካወጋት ልንገራችሁ። ቁርሱን በልቶ ሄደ። መጀመሪያ የደም ሥር የሚያኮማትር መድኃኒት ረጩበት። ቀጥለው በማደንዘዣ የተነከረ ጥጥ በቀጭን መቆንጠጫ እያስገቡ ጠቀጠቁለት፤ ያ ሁሉ ጥጥ የት እንደሚገባ ራሱም ገረመው። ተጠበቀ፣ ተጠበቀ፤ ከማደንዘዙ የሚረዝመው መጠበቁ ነው። ጥጡ ወጥቶ ትንሽ መርፌ ተጨመረ፤ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር። «ልብህ ሊመታ ይችላል፣ አትደንግጥ» አሉት፤ መታ፣ አልደነገጠም፣ ወይም አልደነገጥኩም ብሏል። ከዚያ ጫፉ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገባ፤ በጎኑ ደግሞ ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያበራ ሽቦ። ነርሷ የክፍሉን መብራት ቀነሰች። ጉንጩ ከውስጥ ቀይ ሆኖ በራ። ብርሃኑ ሽቦው በትክክል ሳይነሱ ውስጥ መግባቱን ለሐኪሟ የሚነግር ምልክት ነው።

በሽቦው ላይ ያልተነፋች ፊኛ ተከተለች። ፊኛዋ የምትነፋው በአየር አይደለም፤ በፓምፕ በሚገፋ ፈሳሽ ነው፤ ግፊቱ እስከ አሥራ ሁለት አትሞስፌር ይደርሳል። ወንድምየው ታክሲ ነጂ ነውና ወዲያው አሰላው፤ የመኪናው ጎማ የሚይዘው ሁለት ከምናምን ነው፣ ጉንጩ ውስጥ የገባችው ግን አምስት እጥፍ ያህል!

«ከዚያማ ቀጭ… ቀጭ አለ። በጆሮዬ አይደለም የሰማሁት፣ በራስ ቅሌ ውስጥ ነው። አጥንቱ ነው የሚሰነጠቀው አሉኝ። ግን አያምም እኮ፣ አንቺ! ግፊት ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው። በመውጫው ዙሪያ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ፊኛዋ ትንሽ ሰንጥቃ ወደ ጎን ትገፋውና ጥቂት ሰኮንዶች ቆይታ ትተነፍሳለች። ሥጋ አልተቆረጠም፣ የወጣ ነገር የለም። የሚያስተኛ መድኃኒት ስላልወሰደ መኪናውን ራሱ ነድቶ ቤቱ ገባ። በማግስቱ አረፈ፣ በሦስተኛው ቀን አየር ማረፊያ ተሰለፈ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጥርስ ከመነቀል አይብስም። ነገውኑ ደውዪ።»

እዚህ ላይ እነሱን ስልክ ላይ ልተዋቸውና ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ወንድምየው አዲስ ተአምር ያየ መስሎታላ! የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ድሮም ያደገው ወንበር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው። በቪየና ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም የኮኬይን ጠብታ ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ነገሩን ለመያዝ አልዘገዩም፤ ኮኬይን ሥጋውን ከማደንዘዙ ሌላ የደም ሥሩን ያኮማትራል፣ መድማቱን ይቀንሳል። በዚያ ዘመን ታካሚ ሙሉ በሙሉ የሚተኛው በኤተርና በክሎሮፎርም ነበር። አፍንጫው እየደማ የተኛ ሰው ደግሞ ደሙን ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ነቅቶ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ የሚተፋ ታካሚ ይሻላል። ወንበሩ የተመረጠው ለምቾት አልነበረም፤ አልጋው ይበልጥ አስፈሪ ስለነበር ነው።

ከዚያችው ቪየና አንድ ክፉ ወሬ ልጨምርና እንለፍ። በ1895 ቪልሄልም ፍሊስ የሚባል የበርሊን የአፍንጫ ሐኪም፣ የሲግመንድ ፍሮይድ የልብ ወዳጅ፣ ኤማ ኤክስታይን የተባለችውን የፍሮይድ ታካሚ አፍንጫዋን ቀዶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቁስሉ መገለ፣ ሸተተ፣ ደማ። ሌላ ሐኪም ተጠርቶ ሲመረምር የፋሻ ጫፍ አገኘ፤ ቢስበው ግማሽ ሜትር ያህል ፋሻ ተከታትሎ ወጣ። ፍሊስ ረስቶት የሄደው ነው። ወዲያው ደሙ ጎረፈ፤ ሴትዮዋ ከሞት የተረፈችው ለጥቂት ነው። አፍንጫ ትንሽ ስለሆነች ነገሯም ትንሽ ይመስላል፤ የሚመግቧት የደም ሥሮች ግን ትልልቅ ናቸው።

ሳይነስን በተመለከተ የዚያን ዘመን ሥራ እንዲህ ነበር። በ1893 ኒውዮርክ ላይ ካልድዌል፣ በ1897 ፓሪስ ላይ ሉክ የተባሉ ሐኪሞች አንድ ዓይነት ዘዴ አወጡ፤ ከላይኛው ከንፈር ሥር ድዱን ቀዶ፣ አጥንቱን ነድሎ ወደ ጉንጭ ሳይነስ መግባት፣ የታመመውን ልባስ ልጦ ማውጣት፣ ከታች በኩል ወደ አፍንጫ አዲስ ቀዳዳ መክፈት። ለአሥርተ ዓመታት በየአገሩ የተሠራው ይኸው ነው። ለምን ከታች ከፈቱት? ፈሳሽ ቁልቁል ይወርዳል ብለው ነዋ።

ሳይነስ ግን በዚህ ሕግ አይገዛም። በኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ ዋልተር ሜሰርክሊንገር የተባለ ሐኪም የንፍጡን ጉዞ ለዓመታት ሲከታተል ኖሮ አንድ ነገር አየ፤ ረቂቆቹ ፀጉሮች ንፍጡን የሚጠርጉት ሁልጊዜ ወደ ተፈጥሮው መውጫ ነው፤ ሽቅብም ቢሆን ሽቅብ። ሐኪም ከታች የከፈተውን አዲስ ቀዳዳ ዞረውት ያልፋሉ። ስንት ሰው ድዱ ተቀዶ ሳይሻለው የቀረበት ምክንያት ተገለጠ። መፍትሔውም አብሮ ተገለጠ፤ የተፈጥሮውን መውጫ ማስፋት፣ የቀረውን አለመንካት። ለዚህ ግን ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ የቀየሰውን የመስተዋት ዘንግ፣ የጀርመኑ ካርል ሽቶርትስ ሠርቶ ለገበያ ሲያወጣው፣ ሐኪም በአፍንጫ ቀዳዳ ገብቶ ጠርዝ ዞሮ ማየት ቻለ። በ1985 ገደማ ዴቪድ ኬኔዲ የተባለ ሐኪም ዘዴውን ወደ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ አመጣው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

ያኔም ቢሆን ብዙ ታካሚዎች ነቅተው ነበር የሚሠራላቸው። በ1990ዎቹ ግን ሥራው እየጠለቀ ሄደ። ሥጋን እየቆረጠ በዚያው የሚስብ መሣሪያ መጣ። የመሣሪያው ጫፍ የት እንደ ደረሰ በሲቲ ስካኑ ምስል ላይ የሚያሳይ ኮምፒውተር መጣ። ሰመመኑም በጥንቱ ኤተር አልቀረም፤ ታካሚውን በትንፋሽ ቱቦ ጠብቆ፣ የደም ግፊቱን አርግቦ ለሰዓታት የሚያቆይ ሰለጠነ። ያን ጊዜ ሥራው ወደ አልጋው ተዛወረ።

ወደ ወንበሩ የመለሰው የልብ ሕክምና ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በ1977 ዙሪክ ውስጥ አንድሬያስ ግሩንትሲግ የተባለ ሐኪም የጠበበ የልብ ደም ሥር በፊኛ ከፈተ። አክላረንት የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ይህንኑ ሐሳብ ወደ አፍንጫ አመጣውና በ2005 ፈቃድ አገኘ። መጀመሪያ ፊኛውም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሙሉ ሰመመን፣ በራጅ እየታየ ነበር የሚገባው። ቆይቶ ብርሃን ያለው ሽቦ ራጁን ተካ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ የሕክምና ክፍያ መዝገብ ለፊኛ ሥራ የራሱን ኮዶች አወጣለት፤ በቢሮ የሚሠራ ሐኪም በኮዱ ይከፈለው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ፊኛው በየቢሮው ወንበር ላይ ተስፋፋ። ልብ በሉ፣ ከሐኪሙ እጅ ይልቅ የከፋዩ ደብተር ነው በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው።

ወደ እህትየው እንመለስ።

ደወለች። ጋሼ አብሮ ሄደ፤ ወንበሩን ሊያሳያት እንጂ! ሐኪሟ ካሜራውን አስገቡና ስክሪኑን ወደሷ አዞሩላት። ግራም ቀኝም ገርጣ ያለ ሥጋ ሞልቶታል። ሲቲ ስካኑን አዩ፤ በጤነኛ ሰው ጥቁር ሆኖ መታየት ያለበት ባዶ ቦታ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ነው። «አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ስትውጪ አስምሽ ተነሥቶብሽ ያውቃል?» ብለው ጠየቋት። ፖሊፕ፣ አስምና አስፕሪን ያለመቻል አብረው የሚጓዙባቸው ሰዎች አሉ፤ ለነሱ አንዲት እንክብል ድንገተኛ ክፍል ታስገባለች። እሷ ላይ ደርሶባት አያውቅም።

«የወንድምሽ ወንበር ለአንቺ አይሆንም» አሏት።

ጋሼ ቅር አለው። ዋጋ ሊያስጨምሩባት ነው ብሎ ጠርጥሯል፤ የአሜሪካን ሕክምና የለመደ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ሐኪሟ ግን በትዕግሥት አስረዱት። ፊኛ መውጫ ይገፋል እንጂ ሥጋ አያወጣም። በዓይኖቿ መካከል ላሉት ትንንሽ ክፍሎችም አይሆንም፤ እያንዳንዱ ስስ ግድግዳ እየተከፈተ መጽዳት አለበት። እዚያ ደግሞ በጎን ዓይን ነው፣ በላይ አንጎል ነው፣ መለያያቸው እንደ እንቁላል ልጣጭ የሚሰበር አጥንት ነው። ፖሊፕ ይደማል፤ ደም ካሜራውን ከሸፈነው ሐኪሙ አያይም። ሥራው ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ያን ያህል ሳይነቃነቅ፣ ሳያስነጥስ፣ ደም ሳይውጥ እንዴት ይቆያል? አስም ላለበት ሰውማ ትንፋሹን የሚጠብቅ ባለሙያ ቢኖር ይመረጣል። ጥቂት ፖሊፕ ከሆነ በወንበር ላይ የሚቆርጡ ሐኪሞች አሉ፤ የሷ ጥቂት አልነበረም።

ማታ አዲስ አበባ ላሉት እናታቸው ደወለች። እናት ባህር ዛፍ ታጠኚ፣ ዳማከሴ ጨምቂ ከማለት ጀመሩ፤ መታጠን ለጊዜው ያስተነፍሳል እንጂ ፖሊፕ አያሟሟም፤ እሳቸውም ከልጃቸው ድምፅ ሳይረዱት አልቀሩም። «አንጎልሽን ሊነኩብሽ ነው?» አሉ በመጨረሻ። በማግስቱ ሆስፒታሉ የላከላትን የስምምነት ቅጽ ስታነብ የእናቷ ፍርሃት በሕግ ቋንቋ ተጽፎ አገኘችው፤ የአንጎል ውኃ መፍሰስ፣ በዓይን ላይ ጉዳት፣ ብዙ መድማት። ከባዶቹ አደጋዎች ከመቶ በአንድ ታካሚ ላይ እንኳ አይደርሱም። ቢደርሱ ግን ሊያስተካክል የሚችል ሰውና ዕቃ እዚያው ባለበት ቤት ቢደርሱ ይሻላል። አልጋው ከወንበሩ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ የለም። በጠዋት ገባች፤ ጋውን ለበሰች፣ ቀለበቷን አወለቀች፣ ማተቧን ለነርሷ አሳይታ በፕላስተር ተሸፍኖ እንዲቆይ ተስማማች። ደም ሥሯ ላይ መርፌ ገባ። የማደንዘዣው ሐኪም መጣና ስለ አስሟ ደግሞ ደጋግሞ ጠየቃት፤ ከቀዶ ሐኪሟ ይበልጥ የጠየቃት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቀውም። እኔ ግን ልንገራችሁ፤ አልጋው ከራስጌ በኩል ቀና ተደርጓል፣ የሚያስተኛት መድኃኒት በደም ሥሯ እየገባ ነው፣ ይህም መድማቱን ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ላይ ሥጋው እየተቆረጠ እየተሳበ፣ ስሱ አጥንት አንድ በአንድ እየተነሣ፣ ክፍሎቹ እየተከፈቱ ነው። ሥጋው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ሌላ በሽታ እንዳይሆን ለማረጋገጥ።

ስትነቃ ጉሮሮዋን አመማት፤ የትንፋሽ ቱቦው ነው። ያኔውኑ ማታ ቤቷ ገባች፤ ብቻዋን ግን አይለቋትም፣ የሚወስድ አዋቂ ሰው ግድ ነው። ጋሼ ታክሲውን ይዞ መጣ፤ ሒሳብ አልጠየቀም።

እውነተኛው ልዩነት የታየው ከዚያ በኋላ ነው። አፍንጫ መናፈጥ ክልክል። ጎንበስ ማለት፣ ከባድ ማንሣት ክልክል። የሷ ሥራ ደግሞ ምንድን ነው? አረጋዊ ከአልጋ ማንሣት! ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ዋለች። ወንድሟ አንድ ቀን ተኩል ነው ያጣው። ጨው ውኃ ጠዋት ማታ፤ የደረቀ ደም፣ ቅርፊት። በየጊዜው ቅርፊቱን ሊያጸዱላት ያው ቢሮ፣ ያው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ይህን ማጽዳት ከቀዶ ሕክምናው በላይ የሚጠሉ ታካሚዎች ሞልተዋል። በሦስተኛው ሳምንት ግን የምታጥባት አሮጊት የላቫንደር ሳሙና ሸተታት። «ሳሙና ቀየርሽ?» አለቻት። አሮጊቷ ለዓመታት ሌላ ሳሙና ነክታ አታውቅም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ስለ ሕክምና ሲወራ ስለ ገንዘብ የማይወራበት አገር አሜሪካ አይደለም።

የወንድምየው ቢል አንድ ነው፤ ከሐኪሟ ቢሮ። የእህትየው ቢል በየተራ መጣ፤ አንዱ የሐኪሟ፣ አንዱ የሆስፒታሉ ክፍልና ዕቃ፣ አንዱ የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ አንዱ የላቦራቶሪው። ድሮ ቢሆን ሆስፒታሉ ኢንሹራንሷን ተቀብሎ የማደንዘዣ ሐኪሙ የማይቀበል ሆኖ ይገኝና ዱብ ዕዳ ይመጣባት ነበር፤ ከጥር 2022 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ቢል ከልክሏል። ከኢንሹራንሱ በፊት ከኪሷ የምትሸፍነው ዲዳክቲብል ግን የራሷ ነው፤ ከፈለችው።

ይህን ብቻ ያየ ሰው ወንበሩ የድሃ ወዳጅ ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እንዲህ ነው፤ ፊኛውን በቢሮ የሚሠራ ሐኪም ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ስለሚገዛ ክፍያው በሆስፒታል ሲሠራ ከሚያገኘው ይበልጣል። ስለዚህ ፊኛው ለሚያስፈልገውም ለማያስፈልገውም ሊሸጥ ይችላል። «ያለ ቀዶ ሕክምና ሳይነስዎን እንገላግልዎ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየሬዲዮው የሚሰሙት በከንቱ አይደለም። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። አጥንት የሚሰነጠቅበት ነገር ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወንበሩ ላይ ስለሆነ ስሙ አይለወጥም።

የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበርም ነገሩ አሳስቦት በ2018 ባወጣው የስምምነት ሰነድ አስጠንቅቋል፤ የሳይነስ በሽታ ምልክት ለሌለው፣ ሲቲ ስካኑም ንጹሕ ለሆነ ሰው ፊኛ አታስገቡ፤ ራስ ምታት ብቻ ላለበት ሰው አታስገቡ። ስንቱ ነው የማይግሬን ራስ ምታቱን ሳይነስ ብሎ የሚጠራው! አክላረንትም በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ያቀረበበትን ውንጀላ 18 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ዘግቷል፤ ጉዳዩ ፊኛው አልነበረም፣ ለጨው ውኃ የተፈቀደለትን ሌላ የሳይነስ ዕቃ ለስቴሮይድ መድኃኒት ማስገቢያ ሸጧል የሚል ነበር።

ለፊኛው ደግሞ ፍርድ አላጓድልበትም። በ2013 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 92 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ በቢሮ በፊኛ፣ ገሚሱ በተለመደው ቀዶ ሕክምና ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ የሁለቱም ወገን መሻል ተመጣጣኝ ሆነ፤ የፊኛዎቹ ቶሎ አገገሙ፣ የሕመም ማስታገሻም ጥቂት ወሰዱ። ወጪውን የሸፈነው የፊኛ አምራች ኩባንያ መሆኑን እያስታወስን፣ ውጤቱን ግን አንጣለው። ታካሚዎቹ እነማን ነበሩ? እንደ ወንድምየው ያሉ፣ በሽታቸው ውስን የሆነ። እንደ እህቱ ፖሊፕ የሞላባቸው ከጥናቱ ውጭ ነበሩ። ጥናቱ ለጋሼ መልስ አለው፤ ለሷ አንዳችም የሚለው የለም።

ዓመታት አለፉ። ጋሼ አሁንም ጉንፋን ይይዘዋል፤ ግን እንደ ሰው በሳምንቱ ይለቀዋል፣ አንቲባዮቲክ የሚውጠው ከስንት አንዴ ነው። የእህቱ ፖሊፕ ደግሞ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሐኪሟ አስቀድመው ነግረዋት ነበር፤ ቀዶ ሕክምና የበቀለውን ይነቅላል እንጂ የሚያበቅለውን የሰውነት ቁጣ አያጠፋም። ሽታው ሲደክምባት ጊዜ እንደገና አልጋ ሊሏት ነው ብላ ስትፈራ ሁለት ምርጫ አቀረቡላት። አንዱ በ2017 መጨረሻ የተፈቀደ፣ ስቴሮይድ ለሦስት ወር ያህል የሚያንጠባጥብ ትንሽ መረብ ነው፤ ቀድሞ የተከፈተው ቦታ ላይ፣ እዚያው ወንበር ላይ በማደንዘዣ ይቀመጣል። ሌላው በ2019 ለፖሊፕ የተፈቀደው ዱፒሉማብ ነው፤ ከቆዳ ሥር በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ፣ ወንበርም አልጋም የማይፈልግ። ለአስሟም ስለሚጠቅም መርፌውን መረጠች። ኢንሹራንሱ እሺ እስኪል ወራት ወሰደ፤ ወረቀት ሄደ፣ ወረቀት ተመለሰ።

የመጀመሪያው ሳጥን በበረዶ ታሽጎ ሲመጣ ጋሼ እሑድ ምሳ ሊበላ ቤቷ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጭኗን በአልኮል ጠረገች፣ ወጋች፣ ፕላስተር ለጠፈች፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እሱ ሳጥኑን እያገላበጠ አነበበ።

«ይሄ ነገር ለኔም ይሆናል። ጥጥ የለው፣ ፊኛ የለው። ሰኞ ሐኪሟ ጋ እደውላለሁ።»

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ፖሊፕ የለህም።»

«ቢኖረኝስ? ማን አየው?»

«ሲቲ ስካኑ» አለችውና ወጡን ጨመረችለት።